የተጎዱ የደም ሥሮችን በተሻሻሉ ሕዋሳት የመጠገን ምርምር የደረሰበት ደረጃ

የጠበበ የልብ ደም ሥርን በፊኛ የመክፈት ሕክምና በብዙ የዓለም አገሮች የተለመደ ከሆነ ዓመታት ተቆጥረዋል። ይሁን እንጂ የጠበበውን ሥር የሚከፍተው ፊኛ በዚያው ቅጽበት የሥሩን የውስጥ ሽፋን ያቆስለዋል። ሕመምተኛው ከሆስፒታል በእግሩ ቢወጣም፣ በሥሩ ውስጥ የቀረው ቁስል በአግባቡ ካልዳነ ሥሩ ተመልሶ ሊጠብ ወይም በቁስሉ ላይ ደም ሊረጋ ይችላል። ይህን ቁስል ከራሱ ከሕመምተኛው ደም በሚወሰዱና በቤተ ሙከራ አቅማቸው እንዲጎለብት በሚደረጉ ሕዋሳት ፈጥኖ ማዳን ይቻል እንደሆነ ተመራማሪዎች ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ሲያጠኑ ቆይተዋል።

በእንስሳት ላይ የተገኘው ውጤት አበረታች ነው። በሰው ላይ የተደረገው ሙከራ ግን ገና ጥቂት ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ለይቶ ማወቅ ለሕክምና ባለሙያዎች ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። የጤና በጀት የሚመድቡ፣ የመድኃኒትና የሕክምና መሣሪያ ፈቃድ የሚሰጡ፣ እንዲሁም ለሕክምና ወደ ውጭ የሚላኩ ሰዎችን ጥያቄ የሚመረምሩ ኃላፊዎችም ሊያውቁት የሚገባ ነው።

የጉዳዩን ክብደት ለመረዳት የዓለም ጤና ድርጅትን መረጃ መመልከት ይበቃል። ድርጅቱ እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2019 በልብና በደም ሥር በሽታዎች ምክንያት 17 ነጥብ 9 ሚሊዮን ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ይህም በዚያ ዓመት በዓለም ከደረሰው ሞት 32 በመቶ ያህሉ ነው። ከሟቾቹ መካከል 85 በመቶዎቹ የሞቱት በድንገተኛ የልብ ሕመምና በስትሮክ ነው። በእነዚህ በሽታዎች ከሚደርሰው ሞት ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆነው የሚመዘገበው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች መሆኑንም ድርጅቱ አመልክቷል።

የደም ሥር የውስጥ ሽፋን ጥቅም

የሰው ልጅ የደም ሥሮች በሙሉ፣ ከልብ ከሚነሳው ታላቁ ደም ቅዳ ጀምሮ ከፀጉር እስከሚቀጥኑት ሥሮች ድረስ፣ ውስጣቸው በአንድ ረድፍ ሕዋሳት የተለበጠ ነው። ይህ ልባስ በሳይንሱ አጠራር ኢንዶቴሊየም ይባላል። ውፍረቱ የአንድ ሕዋስ ያህል ብቻ በመሆኑ ለረጅም ጊዜ ደም ከሥሩ እንዳይወጣ ከመያዝ ያለፈ ተግባር ያለው አይመስልም ነበር።

ይህን አመለካከት ከለወጡት ሥራዎች አንዱ አሜሪካዊው ተመራማሪ ሮበርት ፈርችጎት እ.ኤ.አ. በ1980 ይፋ ያደረጉት ሙከራ ነው። ተመራማሪው ከጥንቸል የተወሰዱ የደም ቅዳ ቁርጥራጮችን አሴቲልኮሊን በተባለ ንጥረ ነገር ሲፈትኑ፣ አንዳንዶቹ ሲላሉ ሌሎቹ ግን ሲኮማተሩ ተመለከቱ። የልዩነቱ ምክንያት ቁርጥራጮቹ ሲዘጋጁ የውስጥ ሽፋናቸው ተፍቆ መነሳቱ ወይም አለመነሳቱ እንደሆነ አረጋገጡ። ሽፋኑ ያልተነካ ሥር ይላላል፤ ሽፋኑን ያጣ ሥር ግን ለዚያው ንጥረ ነገር የሚሰጠው ምላሽ መኮማተር ነው።

ከዚህ በመነሳት በተካሄደው ምርምር፣ ሽፋኑ ለሥሩ ግድግዳ የሚያስተላልፈው መልእክት ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ መሆኑ ተደረሰበት። ለዚሁ ግኝት ሮበርት ፈርችጎት፣ ሉዊስ ኢግናሮና ፈሪድ ሙራድ እ.ኤ.አ. በ1998 የሕክምና የኖቤል ሽልማትን ተካፍለዋል።

ናይትሪክ ኦክሳይድ ለደም ሥር ሦስት ዐበይት ጥቅሞችን ይሰጣል። አንደኛ፣ ሥሩ እንዲላላና ደም በቂ መተላለፊያ እንዲያገኝ ያደርጋል። ሁለተኛ፣ ደምን የሚያረጉት ፕሌትሌት የተባሉ የደም ክፍሎች በሥሩ ግድግዳ ላይ እንዳይለጠፉ ይከላከላል። ሦስተኛ፣ በግድግዳው ውስጥ የሚገኙት የልሙጥ ጡንቻ ሕዋሳት ከልክ በላይ እንዳይራቡ ይገታል። በመሆኑም የውስጥ ሽፋኑ ሲላጥ ሥሩ እነዚህን ሦስት መከላከያዎች በአንድ ጊዜ ያጣል።

በሕክምናው ምክንያት የሚመጣው ጉዳት

በፊኛ የልብ ደም ሥርን የመክፈት ሕክምና ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ላይ የተከናወነው እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1977 በስዊዘርላንድ ዙሪክ ከተማ ሲሆን፣ ሐኪሙ አንድሪያስ ግሩንትዚግ ነበሩ። በጫፉ ፊኛ ያለው ቀጭን ቱቦ በደም ሥር ውስጥ አልፎ ወደ ጠበበው ስፍራ ይደርሳል። ከዚያም ፊኛው ይነፋና ሥሩን ይከፍታል። ደረትን መክፈት የማያስፈልገው ይህ ዘዴ ለብዙ ሕመምተኞች ትልቅ እፎይታ አስገኝቷል።

ብዙም ሳይቆይ ግን ችግር ታየ። በፊኛ ብቻ ከታከሙት ሰዎች በግምት ከሦስቱ የአንዱ ሥር በስድስት ወራት ጊዜ ውስጥ ተመልሶ ይጠብ ነበር። ለዚህም ዋነኛ ከሆኑት ምክንያቶች አንዱ፣ ሽፋኑ በተላጠበት ስፍራ የልሙጥ ጡንቻ ሕዋሳት ያለገደብ ተራብተው እንደ ጠባሳ ያለ ውፍረት መፍጠራቸው ነው።

ችግሩን ለማቃለል እ.ኤ.አ. በ1986 በፈረንሳይና በስዊዘርላንድ የሚገኙ ሐኪሞች ስቴንት የተባለውን የብረት መረብ ቱቦ በልብ ደም ሥር ውስጥ መትከል ጀመሩ። ስቴንት ሥሩ እንዳይከደን ደግፎ ይይዘዋል፤ የጡንቻ ሕዋሳቱን መራባት ግን አያቆምም። ስለሆነም የሕዋሳትን መራባት በሚገታ መድኃኒት የተቀቡ ስቴንቶች ተሠርተው እ.ኤ.አ. በ2002 በአውሮፓ፣ በ2003 ደግሞ በአሜሪካ ፈቃድ አገኙ። ተመልሶ የሚጠበው ሥር ቁጥርም በእጅጉ ቀነሰ።

ይሁንና መድኃኒቱ የሚጎዳውንና የሚጠቅመውን ሕዋስ ለይቶ አያውቅም። የጡንቻ ሕዋሳትን መራባት እንደሚገታ ሁሉ የውስጥ ሽፋኑ ሕዋሳት ተራብተው ብረቱን እንዳይሸፍኑትም ያዘገያል። እ.ኤ.አ. በ2006 በስፔን ባርሴሎና በተካሄደው የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች ጉባዔ ላይ በመጀመሪያው ትውልድ ስቴንቶች ላይ ከረጅም ጊዜ በኋላ የሚፈጠረው የደም መርጋት ብርቱ ክርክር ያስነሳው ለዚህ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ስቴንቶች ቀጫጭንና የተሻሉ በመሆናቸው አደጋው ቀንሷል። ያም ሆኖ ስቴንት የተተከለለት ሰው ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉ ሁለት መድኃኒቶችን አብዛኛውን ጊዜ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ሳያቋርጥ እንዲወስድ ይታዘዛል። መድኃኒቱን በዋጋ ወይም በእጥረት ምክንያት ያለጊዜው የሚያቋርጥ ሰው ለሞት ሊያደርስ ለሚችል አደጋ ይጋለጣል።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ግንዛቤ ግልጽ ነው። ዘላቂው መፍትሔ ሥሩ የራሱን ሽፋን ፈጥኖ መልሶ እንዲያገኝ ማድረግ ነው።

በደም ውስጥ የሚዘዋወሩት ወላጅ ሕዋሳት

እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ ድረስ በአዋቂ ሰው አካል ውስጥ የተላጠ ሽፋን የሚተካው፣ አዲስ ሥርም የሚበቅለው፣ በአካባቢው ካሉት የሽፋኑ ሕዋሳት ብቻ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1997 ታካዩኪ አሳሃራ፣ ጄፍሪ ኢስነርና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ ቦስተን ከተማ ያካሄዱትን ጥናት ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ሲያወጡ ይህ እምነት ተናወጠ። ተመራማሪዎቹ ከአዋቂ ሰዎች ደም ለይተው ያወጧቸው አንዳንድ ሕዋሳት በቤተ ሙከራ የደም ሥር ሽፋን ሕዋሳትን ጠባይ መያዛቸውን፣ ወደ እንስሳት አካል ሲገቡም ደም ወደተቋረጠበት ስፍራ ሄደው በአዲስ ሥሮች ውስጥ መገኘታቸውን ገለጹ።

እነዚህ ሕዋሳት በሳይንሱ ፕሮጄኒተር ሴል ይባላሉ፤ በአማርኛ ወላጅ ሕዋሳት ማለት ይቻላል። ወላጅ ሕዋስ ራሱ ገና ያልበሰለ፣ ነገር ግን ተራብቶ አንድ የተወሰነ ዓይነት ሕዋስ ማስገኘት የሚችል ነው። ማንኛውንም ዓይነት ሕዋስ ከሚያስገኘው የጽንስ ስቴም ሴል የሚለየውም የሥራ ድርሻው አስቀድሞ የተወሰነ በመሆኑ ነው።

ግኝቱ ትልቅ ተስፋ አሳደረ። ከሕመምተኛው ክንድ ደም ቀድቶ ወላጅ ሕዋሳቱን መለየት፣ በቤተ ሙከራ ማባዛትና ወደ ቆሰለው ሥር መመለስ የሚቻል መሰለ። ሕዋሱ የራሱ የሕመምተኛው በመሆኑ ሰውነቱ እንደ ባዕድ ቆጥሮ አይዋጋውም።

ነገር ግን ተከታትለው የወጡ ጥናቶች አንድ አስቸጋሪ እውነታ አመለከቱ። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ጥናት ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ያለባቸው ሰዎች ሕዋሳት የመራባትና የመጣበቅ አቅማቸው የደከመ መሆኑን አሳየ። በአሜሪካ የልብ በሽታ በሌለባቸው 45 ወንዶች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ ለልብ ሕመም የሚያጋልጡ ሁኔታዎች በበዙባቸው ሰዎች ደም ውስጥ የሚገኙት የእነዚህ ሕዋሳት ስብስቦች ያነሱ እንደሆኑ አረጋገጠ። በጀርመን የልብ ደም ሥር ሕመም ያለባቸውን 519 ሰዎች ለአንድ ዓመት በመከታተል እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ጥናትም፣ ሕዋሳቱ በደማቸው ውስጥ የበዙላቸው ሰዎች በልብና በደም ሥር በሽታ የመሞት ዕድላቸው ያነሰ መሆኑን አመለከተ።

በአጭሩ ጥገናውን አጥብቆ የሚፈልገው ሰው ጠጋኝ ሕዋሳቱ ጥቂትና ደካማ የሆኑበት ሰው ነው። ሕዋሳቱን ከደም ቀድቶ መመለስ ብቻውን ስለማይበቃ፣ ከመመለሳቸው በፊት አቅማቸውን ማሻሻል አስፈለገ።

ሕዋሳቱን የማሻሻል ዘዴ

ማሻሻል ማለት ሕዋሱ በብዛት እንዲያመርተው የሚፈለገውን ንጥረ ነገር የሚያዝ ጂን ወደ ሕዋሱ ማስገባት ነው። ጂኑን ለማስገባት ሁለት ዓይነት መንገዶች አሉ። አንደኛው በሽታ የማስከተል ባሕርዩ የተወገደለትን ቫይረስ እንደ አጓጓዥ መጠቀም ነው። ሁለተኛው ያለ ቫይረስ ጂኑን የያዘ የዲኤንኤ ቀለበት በቀጥታ ማስገባት ነው። በሁለቱም መንገዶች ሥራው የሚከናወነው ሕዋሱ ከሰውነት ውጭ በቤተ ሙከራ ባለበት ጊዜ በመሆኑ፣ ባለሙያዎች ሕዋሱን መርምረው ካረጋገጡ በኋላ ወደ ሕመምተኛው ይመልሱታል።

እ.ኤ.አ. በ2002 በእነ አሳሃራ የምርምር ቡድን የወጣው ጥናት የዘዴውን ጥቅም ካሳዩት ቀደምት ሥራዎች አንዱ ነው። ተመራማሪዎቹ አዲስ የደም ሥር እንዲበቅል የሚያነሳሳ ፕሮቲን ጂን ያስገቡባቸውን የሰው ወላጅ ሕዋሳት የኋላ እግራቸው ደም ለተቋረጠባቸው አይጦች ሰጡ። የእግሮቹ የደም ዝውውር ተሻሻለ። ጥቅም ላይ የዋለው የሕዋስ መጠን ባልተሻሻሉ ሕዋሳት ቀደም ሲል ይሰጥ ከነበረው በ30 እጥፍ ያነሰ ነበር። ከአንድ ሕመምተኛ ደም የሚገኘው የሕዋስ ብዛት ውስን በመሆኑ ይህ ትልቅ ትርጉም አለው።

በፊኛ የቆሰለ ሥርን ስለመጠገን በይበልጥ የሚጠቀሰው ግን በቦስተን ከተማ በዴሊንግ ኮንግ፣ በቪክተር ዛውና በባልደረቦቻቸው ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2004 ሰርኩሌሽን በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ ከጥንቸሎች ደም ወላጅ ሕዋሳትን ለይተው አባዙ። ከዚያም ሕዋሳቱን በሦስት ከፈሏቸው። ለመጀመሪያዎቹ ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚያመርተውን ኢንዛይም ጂን፣ ለሁለተኛዎቹ ሄም ኦክሲጅኔዝ የተባለውን ሌላ ተከላካይ ኢንዛይም ጂን፣ ለሦስተኛዎቹ ደግሞ ለሥሩ የተለየ ጥቅም የማይሰጥና አረንጓዴ ብርሃን በማሳየት ሕዋሱን ለመለየት ብቻ የሚያገለግል ጂን ሰጧቸው። በመጨረሻም ሕዋሳቱን የአንገታቸው ደም ቅዳ በፊኛ ወደቆሰለባቸው ጥንቸሎች መልሰው ከሁለት ሳምንት በኋላ ውጤቱን መረመሩ።

ሦስተኛው ምድብ የተካተተው ጥቅሙ የሕዋሱ ነው ወይስ የተጨመረው ጂን የሚለውን ለመለየት ነው። ውጤቱም ጥያቄውን መለሰ። ማንኛውንም ዓይነት ሕዋስ ያገኙት ሥሮች ምንም ሕዋስ ካላገኙት ይልቅ ሽፋናቸው በተሻለ ሁኔታ ተመልሶ የግድግዳቸውም ውፍረት ቀንሶ ተገኝቷል። ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚያመርቱትን ሕዋሳት ያገኙት ሥሮች ከሁሉም በላይ ተጠቅመዋል። ሄም ኦክሲጅኔዝ የተጨመረባቸው ሕዋሳት ግን መለያ ጂን ብቻ ከተሰጣቸው የተለየ ብልጫ አላሳዩም። ይህም ለሕዋሱ የሚጨመረው ጂን ምርጫ ወሳኝ መሆኑን ያመለክታል።

በሰው ላይ የተደረጉ ሙከራዎች

ከእንስሳት ወደ ሰው የተሸጋገረው ሙከራ የጀመረው በካናዳ ሲሆን፣ የተመረጠውም የልብ ሳይሆን የሳምባ ደም ሥር ሕመም ነበር። በሳምባ ደም ቅዳዎች ላይ የሚደርሰው ከፍተኛ ግፊት የቀጫጭን ሥሮችን ሽፋን የሚጎዳና ውሎ አድሮ ልብን የሚያደክም ከባድ በሽታ ነው። በዱንካን ስቱዋርት የሚመራው ቡድን አስቀድሞ በአይጦች ላይ ባካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው ጥናት፣ ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚያመርተው ጂን የተጨመረባቸው ሕዋሳት በሽታው ከጸና በኋላም ቢሆን እንደሚጠቅሙ አሳይቶ ነበር።

በሰው ላይ የተደረገው ሙከራ ውጤት ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ሰባት ሕመምተኞች ከራሳቸው ደም የተገኙና ያለ ቫይረስ የተሻሻሉ ከ7 ሚሊዮን እስከ 50 ሚሊዮን የሚደርሱ ሕዋሳት በሦስት ቀናት ተከፋፍለው ወደ ሳምባቸው ደም ሥር ገብተውላቸዋል። ሕዋሳቱ ሲሰጡ ሕመምተኞቹ በአመዛኙ በደህና ተቀብለዋቸዋል። ከአንድ ወር በኋላ ሕመምተኞቹ በስድስት ደቂቃ ውስጥ የሚራመዱት ርቀት በአማካይ በ65 ሜትር ጨምሮ ተገኝቷል። በሌላ በኩል በሽታው እጅግ የጸናበት አንድ ሕመምተኛ ከሆስፒታል በወጣ ማግሥት ሞቷል። የሳምባ ደም ሥሮች ግፊት ላይ የታየው ፈጣን መሻሻልም ከሦስት ወር በኋላ አልዘለቀም።

ሙከራው የተዘጋጀው ዘዴው አደገኛ መሆን አለመሆኑን ለመመርመር እንጂ ፈዋሽነቱን ለማረጋገጥ አልነበረም። ሕዋስ ሳይሰጣቸው የሚነጻጸሩ ሕመምተኞች ስላልነበሩ፣ የተገኘው መሻሻል ከሕዋሳቱ ይሁን ከሌላ ምክንያት መለየት አይቻልም። በዚያው በካናዳ ድንገተኛ የልብ ሕመም በደረሰባቸው ሰዎች ላይ በተመሳሳይ መንገድ የተሻሻሉ ሕዋሳትን የሚፈትን ሙከራም እ.ኤ.አ. በ2013 ተጀምሯል። ሆኖም በፊኛ የቆሰለን የልብ ደም ሥር በተሻሻሉ ወላጅ ሕዋሳት የመጠገን ዘዴ የሆስፒታሎች መደበኛ ሕክምና ለመሆን አልበቃም።

ያልተፈቱ ጥያቄዎች

ለመዘግየቱ ምክንያት ከሆኑት ጥያቄዎች ቀዳሚው የሕዋሱ ማንነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ በእነ መርቪን ዮደር የወጣው ጥናት፣ በብዙ ቤተ ሙከራዎች የደም ሥር ወላጅ ሕዋሳት እየተባሉ ሲጠሩ ከነበሩት አብዛኞቹ በእርግጥ የነጭ ደም ሕዋሳት ወገን እንደሆኑ አሳየ። እነዚህ ሕዋሳት የሚያመነጯቸው ንጥረ ነገሮች ለጥገናው ሊያግዙ ቢችሉም ራሳቸው የሥር ሽፋን አይሆኑም። እውነተኛ ሽፋን መሥራት የሚችሉት ሕዋሳት ቁጥራቸው እጅግ ጥቂት ነው። ቀደም ሲል በተጠቀሰው የ2003 ጥናት የተቆጠሩት ስብስቦችም ከነጭ ደም ሕዋሳት ወገን እንደሚመደቡ ከጊዜ በኋላ ታውቋል። የስያሜውን መደበላለቅ ለማስወገድ እ.ኤ.አ. በ2017 ተመራማሪዎች የጋራ መግለጫ እስከማውጣት ደርሰዋል። የሌላ ፆታ ሰው የአጥንት መቅኔ የተተከለላቸውን ሕመምተኞች በመመርመር እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት ደግሞ፣ እውነተኞቹ ሕዋሳት ቀድሞ ይታመን እንደነበረው ከመቅኔ እንደማይመነጩ አመልክቷል።

የማንነቱ ጥያቄ ምን ያህል ተግባራዊ ውጤት እንዳለው ከአንድ ምሳሌ መረዳት ይቻላል። ከደም ውስጥ ወላጅ ሕዋሳትን ይዞ እንዲያስቀር ታስቦ ሲዲ 34 የተባለውን የሕዋስ ምልክት በሚያጠምድ አንቲቦዲ የተቀባ ስቴንት ተሠርቶ ነበር። በ16 ሰዎች ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የመጀመሪያ ሙከራ ዘዴው የሚቻል መሆኑን አሳየ። በኋላ ግን ሥራቸው ዳግም የመጥበብ ዕድሉ ከፍተኛ በሆነ ሕመምተኞች ላይ በመድኃኒት ከተቀባ ስቴንት ጋር ሲነጻጸር የተሻለ ሆኖ ባለመገኘቱ ንጽጽሩ ያለጊዜው እንዲቆም ተደርጓል። ያንኑ ምልክት የሚይዙ ሌሎች ሕዋሳት መኖራቸው ለውጤቱ ከሚሰጡት ማብራሪያዎች አንዱ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ የደህንነት ነው። በፈረንሳይ ፓሪስ ከባድ የተፈጥሮ በሽታ የመከላከል አቅም ጉድለት ያለባቸው ሕፃናት ሬትሮ ቫይረስን በመጠቀም በተሻሻሉ የመቅኔ ሕዋሳት ታክመው አብዛኞቹ ተሽሏቸው ነበር። ይሁንና ከእ.ኤ.አ. 2002 ጀምሮ ከሕፃናቱ መካከል በአንዳንዶቹ ላይ የደም ካንሰር ታየ። ቫይረሱ ጂኑን ከሕዋሱ የራሱ ጂኖች መካከል አለቦታው በማስገባቱ የሕዋሱን የመራባት ሥርዓት እንዳዛባ ተረጋግጧል። በጥንቸሎቹ ላይ የተደረገው ሙከራም የተጠቀመው በሬትሮ ቫይረስ ስለነበር፣ ይህ ሁኔታ ዘዴውን በቀጥታ ወደ ሰው ለማምጣት እንቅፋት ሆኗል። በካናዳው ሙከራ ያለ ቫይረስ መሥራት መመረጡ ከዚህ ጋር አብሮ የሚታይ ነው።

ሦስተኛው የሕዋሳቱ ዕጣ ነው። ወደ ሥር ከሚገቡት ሕዋሳት ብዙዎቹ በደም ፍሰት ተጠርገው ይሄዳሉ ወይም ይሞታሉ። በተጨማሪም ለሙከራ የሚውሉት ጥንቸሎች ጤነኞች ሲሆኑ፣ በሰው ላይ የሚታከመው ሥር ግን በስኳር፣ በደም ግፊት፣ በኮሌስትሮልና በትምባሆ ለዓመታት የተጎዳ ነው። ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ ሕዋሳቱን ለይቶ፣ አባዝቶ፣ አሻሽሎና መርምሮ ለማዘጋጀት ቀናት የሚወስድ መሆኑ፣ የሚጠይቀው የቤተ ሙከራ ንጽሕናና የባለሙያ ብዛትም ወጪውን ከፍተኛ ያደርገዋል።

ይህ ማለት ግን የዘርፉ ጥረት ሁሉ ፍሬ አላፈራም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2024 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በእጅና በእግር ደም ቅዳዎች ላይ ጉዳት ለደረሰባቸው አዋቂዎች የሚያገለግል ሲምቬስ የተባለ ሰው ሠራሽ ሥርን ፈቅዷል። ሥሩ በቤተ ሙከራ በሰው የጡንቻ ሕዋሳት ከተገነባ በኋላ ሕዋሳቱ ታጥበው ይወጡና ግድግዳው ብቻ ይቀራል። ከተተከለ በኋላ የሕመምተኛው የራሱ ሕዋሳት ቀስ በቀስ ይሰፍሩበታል። ሥሩ ሊቀደድ ወይም ከተሰፋበት ሊለቅ ስለሚችል ፈቃዱ የተሰጠው ከጥብቅ ማስጠንቀቂያ ጋር ነው። ዘዴው ከተሻሻሉ ወላጅ ሕዋሳት የተለየ ቢሆንም፣ የሰውነት የራሱ ሕዋሳት ሥርን እንዲያለብሱ ማድረግ የሚለው ሐሳብ ለሁለቱም የጋራ መሠረት ነው።

ውሳኔ ሰጪዎች ሊጠይቁ የሚገባቸው

በልዩ ልዩ አገሮች ያልተረጋገጠ የሕዋስ ሕክምና በከፍተኛ ዋጋ የሚሸጡ ክሊኒኮች መኖራቸው ይታወቃል። የተስፋ ቃሉ የሚመሠረተው ብዙውን ጊዜ በእንስሳት ላይ በተገኘ እውነተኛ ውጤት ላይ በመሆኑ አሳማኝ ይመስላል። ቤተሰቡን ለማዳን ቤቱን ሸጦ የሚሄድ ሰው የሚያጣው ገንዘቡን ብቻ አይደለም፤ የተረጋገጠውን ሕክምና በጊዜው የማግኘት ዕድሉንም ጭምር ነው።

በመሆኑም ስለ እንዲህ ያለ ሕክምና ማመልከቻ፣ የግዥ ጥያቄ ወይም የድጋፍ ደብዳቤ የሚቀርብለት ኃላፊ አራት ጥያቄዎችን ቢያነሳ ለውሳኔው ይረዳዋል። የሚሰጠው ሕዋስ ምን ዓይነት እንደሆነና ከየት እንደተወሰደ በግልጽ ተጽፏል ወይ? ተሻሽሎ ከሆነስ በምን ዘዴ? ውጤቱ የተገኘው በእንስሳት ነው ወይስ ካልታከሙ ሕመምተኞች ጋር በተነጻጸሩ ሰዎች? ሕክምናውን የፈቀደው የየትኛው አገር የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ነው፤ የታከሙትስ ለምን ያህል ጊዜ ክትትል ተደርጎላቸዋል? ለእነዚህ ጥያቄዎች በጽሑፍ መልስ ያላገኘ ሕክምና ገና በምርምር ላይ እንዳለ ይቆጠራል። በምርምር ላይ ላለ ሕክምና ደግሞ ሕመምተኛው እንዲከፍል መጠየቁ ራሱ ጥርጣሬ ሊያሳድር ይገባል።

ምርምሩ እስኪበስል ድረስ የሥሮችን ሽፋን የሚጠብቁት እርምጃዎች የታወቁ ናቸው። ትምባሆ አለማጨስ፣ የደም ግፊትንና የስኳር መጠንን መቆጣጠር፣ አዘውትሮ የአካል እንቅስቃሴ ማድረግና በሐኪም የታዘዘን መድኃኒት አለማቋረጥ ቀዳሚዎቹ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2004 በጀርመን ተመራማሪዎች የወጣ ጥናት የአካል እንቅስቃሴ በደም ውስጥ የሚዘዋወሩትን እነዚሁ ሕዋሳት በእንስሳትም በሰዎችም እንደሚያበዛ አመልክቷል። ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉ መድኃኒቶች ከመደርደሪያ እንዳይጠፉ ማድረግም፣ ስቴንት የተተከለለት ሰው ሽፋኑ እስኪመለስ ድረስ በሕይወት እንዲቆይ የሚያስችል የዛሬ ሥራ ነው። የተሻሻሉ ሕዋሳት ከቤተ ሙከራ ወደ ሕመምተኛው አልጋ የሚደርሱበት ጊዜ የሚወሰነው ደግሞ ወደፊት በብዙ ሰዎች ላይ በሚደረጉ፣ በአግባቡ በተነጻጸሩና ለረጅም ጊዜ ክትትል በሚደረግባቸው ሙከራዎች ውጤት ይሆናል።